ስሙ የተቀየረ ራውተር

ከመጀመሪያው ልንገራችሁና ይውጣልኝ፤ ባሮክን ከኢንተርኔት ያገድኩት እኔ ነኝ። ራውተሩ አልተበላሸም ነበር። ኔትወርክም አልጠፋም። እኔ ነኝ። ይሄን አንድ ዓረፍተ ነገር በዛን ቅዳሜ ጠዋት ከሦስት ሰዓት ተኩል በፊት ብናገረው ኖሮ አሁን የምጽፈው ነገር አይኖርም ነበር።

ባሮክ ታላቅ ወንድሜ ነው። ውሃ ምህንድስና ተመርቆ ሁለት ዓመት ያለ ስራ ቤት ተቀምጧል። ተቀምጧል ስል ደግሞ እንደሱ እንዳይመስላችሁ፣ ሁሌ ጠዋት ሸሚዙን ተኩሶ መገናኛ ይወርድና የስራ ማስታወቂያ ሲያነብ ይውላል። ቤታችን የካ ነው፣ ከአስፋልቱ ሽቅብ ወጥታችሁ ባህር ዛፉ ሊጀምር ሲል። ሚኒባስ ታች ያወርዳችኋል፣ ከዛ በእግር ነው። ባሮክ ያን ዳገት ጨርሶ በላብ ተጠምቆ ሲገባ ፊቱን አይታችሁ ምንም አትጠይቁትም፤ ውሃ ብቻ ታቀርባላችሁ።

ራውተሩን የገዛው አባዬ ነው። አባዬ፣ ማለት ገመዳ፣ ድሮ አያት የሚባለው ሰፈር ገበሬ ነበር። እርሻው አሁን ኮንዶሚኒየም ሆኗል፣ እሱም የአንድ ፋብሪካ ዕቃ ግምጃ ቤት ይሰራል። ስለ ኮምፒውተር ምንም አያውቅም። ግን አንድ ቀን ከስራ ሲመለስ ነጭ፣ የልብስ ሳሙና የምታክል ነገር በካርቶን ይዞ መጣና ይሄ ለልጄ ስራ መፈለጊያ ነው አለ። ሲም ካርድ ይገባባታል፣ ሦስት መብራት አላት፣ ትበራና ቤቱ በሙሉ ዋይፋይ ይሆናል። የሸጠለት ልጅ ከስሯ ያለችውን የመርፌ ቀዳዳ እንዳትነኩ፣ ሁሉን ነገር ነው የምታጠፋው ብሎት ስለነበር አባዬ ቀዳዳዋን በፕላስተር ለጠፈባት።

ያስነሳኋት እኔ ነኝ። የዋይፋዩንም ስም በራሴ ስም ጵርስቅላ አልኩት፤ በቤቱ ጵሪስ ነው የምባለው። አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤቴ ዩኒቨርሲቲ አላስገባኝም ነበር፣ እና እውነቱን ለመናገር በዛ ሰሞን በቤቱ ውስጥ የምኮራበት ነገር ይቺ ራውተር ብቻ ነበረች። ቀይ ከበራች ምን ማለት እንደሆነ፣ መስኮቱ ጋ ካልሆነች ለምን እንደምትደክም፣ የውስጧን ገጽ በስልክ እንዴት እንደሚከፍቱት፣ ሁሉን የማውቀው እኔ ነኝ። እማዬ ለሰው ስታወራ "ባለሙያዋ እሷ ናት" ትላለች። ያቺን ቃል ስሰማ ቁመቴ ይጨምራል።

አንድ እሁድ እንግዶች መጡ፣ የእማዬ ዘመዶች። አንዷ ስለ ውጤቴ ጠየቀች። እኔ መልስ ሳዘጋጅ ባሮክ ቀደመኝና "የሷ ውጤት ፌስቡክ ላይ ነው ያለው፣ እዛ ፈልጉት" አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እማዬ እንኳን በሻርፗ አፏን ይዛ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ፣ ምን ላድርግ። ከዛ ጓዳ ገባሁና በስልኬ የራውተሯን ገጽ ከፈትኩ።

እንደዚህ ነው የሚሰራው። እያንዳንዱ ስልክና ላፕቶፕ የራሱ ቁጥር አለው፣ እንደ ቀበሌ መታወቂያ። ራውተሯ ደግሞ አይገቡም የሚባሉትን የምትይዝበት ዝርዝር አላት። የባሮክን ላፕቶፕ ቁጥር እዛ ውስጥ ጻፍኩት። በቃ። ከዛ ማንም ገብቶ እንዳያጠፋብኝ የገጹን የይለፍ ቃል ቀየርኩት፣ በንዴት፣ ምን እንደጻፍኩ እንኳን ሳላየው። ደስ አለኝ። በማግስቱ ፓኬጁ አለቀና ቤት ውስጥ ለማንም ኢንተርኔት አልነበረም። ባሮክ መገናኛ ኢንተርኔት ቤት መጠቀም ቀጠለ፣ እኔም ንዴቴ ወጣልኝ፣ ነገሩም ከጭንቅላቴ ወጣ። እውነቴን ነው፣ ረሳሁት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ የውጭ ድርጅት ባሮክን ለቃለ መጠይቅ ጠራው። በስካይፕ ነው፣ ቅዳሜ ጠዋት ልክ አራት ሰዓት፣ የሰራቸውን ንድፎች በላፕቶፑ ከፍቶ እያሳየ እንዲያስረዳ። በሁለት ዓመት ውስጥ እስከዚህ የደረሰለት የመጀመሪያው ነበር። ሳምንቱን ሙሉ መስታወት ፊት ቆሞ በእንግሊዝኛ ራሱን ሲያስተዋውቅ ሰነበተ። እማዬ ደግሞ የቅዳሜ ጾም ጸሎት ጓደኞቿን ወደኛ ቤት አመጣቻቸው፣ እሱ ሲጠየቅ እነሱ ጓዳ ሆነው ሊጸልዩለት። እማዬ፣ ማለት አሳየች፣ ቤተክርስቲያን የሴቶች አገልግሎት ውስጥ ናት። ሦስት ሆነው መጡ፣ መሪያቸው እህት ፀዲ ናት፣ ድምጿ ያለ ማይክ አዳራሽ የሚሞላ።

አባዬ ጠዋት ፓኬጅ አስሞልቶ ወደ ስራ ሄደ። ባሮክ ከላይ ኮትና ክራቫት፣ ከታች ቁምጣና ነጠላ ጫማ አድርጎ ጠረጴዛው ጋ ተቀመጠ። ካሜራው ከወገብ በታች አያይም ብሎ ሲያስቀን ነበር። ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ ላፕቶፑን ከፈተና ጠራኝ፤ ዋይፋዩ እምቢ ብሏል።

እጄን እየጠራረግኩ መጣሁ፣ እንደ ሐኪም። እማዬ ለሴቶቹ "አሁን ታስተካክለዋለች፣ ባለሙያዋ እሷ ናት" አለቻቸው። ጎንበስ ብዬ ስክሪኑን አየሁ። ጵርስቅላ የሚለው ስም አለ፣ ኔትወርኩ ሙሉ ነው፣ ከስሩ መገናኘት አልተቻለም ይላል።

ያኔ ትዝ አለኝ።

ይቅርታ ባሮክ፣ ተናድጄ አግጄህ ነበር፣ እሱ ነው። ይሄ ነበር የሚባለው። ይጮህብኝ ነበር፣ ሴቶቹ ይሰሙ ነበር፣ እማዬ ታፍር ነበር፣ አለቀ። ግን ባለሙያዋ ከተባልኩ ግማሽ ደቂቃ አልሆነኝም። ዝም ብዬ እገዳውን አነሳዋለሁ፣ ማንም አያውቅም ብዬ አሰብኩ። ስልኬን አውጥቼ ገጹን ከፈትኩና የይለፍ ቃል ጠየቀኝ። የቀየርኩት። የማላስታውሰው። የትውልድ ቀኔን ሞከርኩ፣ አይደለም። ስሜን ሞከርኩ፣ አይደለም። ሦስተኛውን ስሳሳት ከጥቂት ጊዜ በኋላ ይሞክሩ ብሎ ተዘጋ።

ባሮክ ምን ይላል ብሎ ጠየቀኝ። እያየሁት ነው አልኩት።

በዚህ መሀል የእህት ፀዲ ስልክ ጮኸ። አየችውና ፎቶ እንደመጣላት ተናገረች፣ በኛ ዋይፋይ፤ ባለፈው ስትመጣ አስገብቼላት ነበር። ባሮክ ቀና አለ። እንግዲያው ኢንተርኔቱ ይሰራል ማለት ነው፣ የተበላሸው የኔ ላፕቶፕ ነው አለ፣ እና ፊቱ ሲለወጥ አየሁት። መገናኛ ኢንተርኔት ቤት ልሩጥ አለ፣ ሰዓቱን አየ፣ ተወው። የኔ ስልክ የፊት ካሜራ የለውም፣ የሱ ደግሞ ባለ ቁልፍ ነው፣ ንድፎቹም ላፕቶፑ ውስጥ ናቸው።

ላፕቶፑ ብቻ ተለይቶ ከታገደ አጋጁ ማን እንደሆነ ይታወቃል። ስለዚህ ምን እንዳደረግኩ ልንገራችሁ። አይኔን በጨው አጥቤ፣ "አይደለም፣ ኔትወርኩ ነው የሚቆራረጠው፣ ሲሙን ልጥረገው" አልኩና ራውተሯን አነሳኋት። ሲሟን አውጥቼ በቀሚሴ ጠረግኳት፣ ስመልሳት ግን እስከ መጨረሻው አልገፋኋትም። መብራቷ ቀይ ሆነ። የእህት ፀዲም ስልክ ቆመ። አያችሁ፣ ኔትወርኩ ነው አልኳቸው። ባሮክ እፎይ አለ። ላፕቶፑ ደህና በመሆኑ እፎይ ብሎ "ተመስገን" አለኝ። የሚሰራውን ነገር ለሁሉም ገደልኩትና እሱ አመሰገነኝ።

ከዛ በኋላ የሆነው ሁሉ ቲያትር ነው። መስኮቱ ጋ አስቀመጥኳት። ቡፌው ላይ ሰቀልኳት። ኔትወርክ ፍለጋ ነው ብዬ ውጪ ወጣሁና የውሃ ታንከሩ መቆሚያ ላይ ወጣሁ፣ ባሮክ ከስር ላፕቶፑን እንደ ህጻን አቅፎ፣ በኮት፣ በክራቫትና በቁምጣ። ከባህር ዛፎቹ መሀል ፊታችንን ወደ ከተማው አዙረን ቆመናል። ጎረቤታችን እማማ ወለተጊዮርጊስ በአጥሩ ላይ ብቅ አሉና ምን ልታሰጡ ነው ልጆቼ አሉን። ባሮክ ኔትወርክ ጠፍቶብን ነው እማማ አላቸው። እሳቸውም ስልካቸውን ከጉያቸው አውጥተው አዩና የእኔም እንደዚሁ ነው፣ ልጄ ከደወለ ስንት ጊዜው አሉ። ማንም ልብ አላላቸውም። እኔ ላብ እያጠመቀኝ የይለፍ ቃሉን ነው የማስበው።

ለአራት ሰዓት አስር ጉዳይ ላይ ገባን። የቀረው አንድ መንገድ ነበር፣ አባዬ በፕላስተር የለጠፋት ቀዳዳ። እሷን ተጭነው ከያዟት፣ ሪሴት ነው የሚባለው፣ ሁሉ ነገር ይጠፋል፣ የኔ እገዳም አብሮ። ለባሮክ እንጫናት አልኩት። ጭራሽ ብሎ ተቆጣ። "ኔትወርኩ ከሆነ የጠፋው ራውተሯን ምን አድርጊ ነው የምትያት? ሲመለስ እሷም ከሌለችስ?" አለኝ። ልክ ነው እኮ። ኔትወርኩ ነው ያልኩት እኔ ነኝ። በራሴ ውሸት በሩን ዘግቼ ከውስጥ ቀረሁ።

አራት ሰዓት ሆነ። ባሮክ ክራቫቱን ፈታ አደረገና እጁን ጭኑ ላይ አስቀመጠ። ያን ጊዜ እማዬ እንጸልይ አለች። ሴቶቹ ከጓዳ ወጡ። እህት ፀዲ ራውተሯን ያዢያት አለችኝ፣ ጭኔ ላይ አድርጌ ተንበረከክኩ። አንዷ ራሴ ላይ፣ አንዷ ትከሻዬ ላይ እጇን ጫነች። እማዬ ራውተሯ ላይ። ሁሉም አይናቸውን ጨፈኑ፣ ባሮክም ጭምር፣ ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ ደፍቶ።

እኔ አልጨፈንኩም።

የቀኝ ጆሮዬን ጌጥ አወለቅኩ። ፕላስተሩን በጥፍሬ ላጥኩ። ሲሟን በአውራ ጣቴ እስከ ጥግ ገፋኋት። የጌጤን ሹል ቀዳዳዋ ውስጥ ከትቼ ተጫንኩ፣ አስር እስክቆጥር። የእማዬ መዳፍ ከጣቶቼ አንድ ስንዝር አይርቅም። እህት ፀዲ ደግሞ በዛ ድምጿ ስለ እጆቼ ትጸልያለች። ጌታ ሆይ እነዚህን እጆች ባርክ፣ የእነዚህን ጣቶች ስራ አቅና ትላለች። እማዬ አሜን ትላለች። አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት። መብራቶቹ ጠፉ። እማዬ እያለቀሰች ነበር፣ እንባዋ እጄ ላይ ጠብ ብሏል።

መብራቶቹ መልሰው በሩ፣ ሰማያዊ። አሜን ብለው አይናቸውን ሲገልጡ እኔ ጌጤን አፌ ውስጥ ደብቄያለሁ። ላፕቶፑ ላይ ጵርስቅላ የሚለው ስም ጠፍቷል፤ በምትኩ ከፋብሪካ የመጣው፣ ከስሯ የተጻፈው የፊደልና የቁጥር ድርድር ነው ያለው። ከተለጣፊው ላይ አንብቤ የይለፍ ቃሉን አስገባሁ። ተገናኘ። ቤቱ በሃሌሉያ ተናጋ። ሰዓቱ አራት ከአስራ አራት ነበር።

ሰዎቹ ጠብቀውታል። ግን አራት ተኩል ላይ ሌላ ሰው አለን አሉት። ጓዳ ሆነን እንሰማለን። ባሮክ አምስት ንድፍ አዘጋጅቶ ነበር፣ ሁለተኛውን እያስረዳ ሰዓቱ አለቀ። እናሳውቅሃለን አሉት። ሲወጣ ግን ሳቀ። ተጨፍልቄም ቢሆን ተናግሬያለሁ አለ።

ጉዳዩ እዚህ ቢያበቃ ምናልባት ሆዴ ውስጥ ይዤው እኖር ነበር። ግን በማግስቱ እሁድ ነው፣ እሁድ ደግሞ ምስክርነት አለ። እግዚአብሔር ያደረገለትን መናገር የሚፈልግ ወጥቶ ለጉባኤው ይናገራል። እማዬ ወጣች። ማይኩን በሁለት እጇ ያዘች። ስለ ልጇ ሁለት ዓመት፣ ስለ ቃለ መጠይቁ፣ ስለጠፋው ኔትወርክ ተናገረች። እጃችንን ጭነን ስንጸልይ መብራቱ ከቀይ ወደ ሰማያዊ ተለወጠ አለች። "ስሙ እንኳን ተቀየረ" አለች። "አይናችንን ስንገልጥ የድሮ ስሙ የለም። ያዕቆብ እስራኤል እንደተባለ።" ሰው ቆሞ አጨበጨበ። ከዛ ልጄ ምስክሬ ናት፣ በእጇ ይዛው ነበር ብላ አስቆመችኝ። ቆምኩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን አለ አልኩ፤ ሲሚንቶ ነው፣ አልተከፈተም።

ስቀመጥ አጠገቤ የነበረችው ባርኮት፣ የመዘምራን ጓደኛዬ፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ "ሪሴት ነው አይደል ያደረግሽው? ለኛ ነው እንዴ?" አለችኝ እየሳቀች። እኔም አይደለም አልኳት። በቤተክርስቲያን ውስጥ፣ በእግዚአብሔር ፊት፣ ኮስተር ብዬ። እሷ ሳቋን አቆመችና ይቅርታ ጠየቀችኝ፣ መቀለዷ አሳፍሯት። የኔን እፍረት እሷ ተሸከመችልኝ።

በሳምንቱ የድርጅቱ መልስ መጣ። ጊዜው አጭር ስለነበር ስራዎችህን በሙሉ ለማየት አልቻልንም፣ ሌላ ሰው መርጠናል ይላል። ባሮክ አንብቦ ላፕቶፑን በቀስታ ከደነው። እኔ በሩ ጋ ቆሜያለሁ። እሱ አየኝና "አንቺ ምን ታደርጊ፣ የቻልሽውን አድርገሻል" አለኝ። አጽናናኝ እኮ። ሽንት ቤት ገብቼ ውሃ ከፍቼ አለቀስኩ፣ ከዛ ፊቴን ታጥቤ ወጥቼ ሽንኩርት ከተፍኩ፣ ቀይ አይን ምክንያት እንዲኖረው።

አሁን እማማ ወለተጊዮርጊስ ጋ ደረስን።

እማማ የየካ ሚካኤል ሰው ናቸው፤ ዓመት እስከ ዓመት ይጾማሉ። ከእማዬ ጋር በጉርብትና ይዋደዳሉ፣ ሾላ ገበያ አብረው ወርደው በርበሬ ይገዛሉ፣ ግን ጸሎት የሚባል ነገር በመሀላቸው አይነሳም። እሳቸው በራሳቸው፣ እሷ በራሷ። አንድ ልጅ አላቸው፣ ከበበ። አያት ኮንዶሚኒየም ደርሶት ከሚስቱ ጋር እዛ ገባ። በባቡር ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው።

አንድ ማክሰኞ ከሰዓት እማማ በራችን ላይ ቆሙ። ጓዳ ነበርኩ፣ ድምጻቸውን ነው የሰማሁት። እማዬ ይግቡ አለቻቸው፣ ተቀመጡ፣ ስለ ጉልበታቸው ትንሽ አወሩ። ከዛ ከጉያቸው በመሀረብ የተጠቀለለ ነገር አወጡ፣ ስልካቸው ናት፣ ባለ ቁልፏ። ከፋሲካ ወዲህ የከበበ ስልክ አይገባባትም አሉ። ስልክ ጠጋኙ ልጅ ነካክቷታል፣ ምንም የለባትም ይላል፣ እሱ ምን ያውቃል። ከዛ ድምጻቸውን ዝቅ አድርገው ስለዚያ ስለናንተ ዕቃ ሰምቻለሁ አሉ። ሰፈሩ በሙሉ ያወራል። ለእሱ እንደጸለያችሁ ለዚችም ጸልዩላት፣ ልጄ ይደውልልኝ አሉ።

እማዬ ፊቷ በራ። አዲስ ጸጋ የተሰጣት ይመስል። ለእህት ፀዲ እደውላለሁ አለች፣ ከዛ ጵሪስ ነይ ብላ ጠራችኝ። ስገባ ስልኳን ተቀብላ ዘረጋችልኝ፤ እንደዚያን ቀን ያዢያት፣ ተንበርከኪ።

ስልኳ መዳፌ ላይ ናት። ከመሀረቡ ሙቀት አላት። እማማ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ በጰንጤ ቤት እንዴት እንደሚጸለይ ስለማያውቁ እጃቸውን የት እንደሚያደርጉ እያዩኝ ነው። እኔን እያዩ እኔ የማደርገውን ሊያደርጉ። ጾማቸውን፣ ሚካኤላቸውን፣ የሰውን አፍ ሁሉ ትተው የመጡት እኔ በጆሮ ጌጥ ለሰራሁት ነገር ነው።

"እማዬ አልችልም" አልኳት።

ምነው አለችኝ።

"ራውተሩን እኔ ነኝ። ባሮክን ተናድጄበት አግጄው ነበር። ስትጸልዩ ቀዳዳዋን በጆሮ ጌጤ ተጭኜ ነው የተከፈተው። ስሙም የተቀየረው በሱ ነው። ሪሴት ሲደረግ ወደ ፋብሪካ ስሙ ይመለሳል።"

በአንድ ትንፋሽ አልኩት። እማዬ አልጮኸችም። ብትጮህ እንዴት ጥሩ ነበር። ወለሉን አየች፣ እጇን አየች፣ ከዛ በጣም በዝግታ ጠየቀችኝ።

"ስንጸልይ አይንሽ ተገልጦ ነበር?"

አዎ አልኳት።

"እኔ ሳለቅስ እያየሽኝ?"

አዎ ማለት አቃተኝና ራሴን ነቀነቅኩ። እገዳውንም፣ ውሸቱንም አልጠየቀችኝም። ይሄን ብቻ ነው የጠየቀችኝ።

እማማ ነገሩ በደንብ አልገባቸውም። ታዲያ ለኔዋ አይሆንም ማለት ነው አሉ። ቢያንስ ለእሳቸው እውነቱን ልስራላቸው ብዬ ስልኳን ከፈትኩ። ድምጿ ከፍ ብሏል። የታገደ ቁጥር የለም። የገቡትን ጥሪዎች ዝርዝር አየሁ፤ የእድራቸው ዳኛ ትናንት ደውለዋል፣ የእህታቸው ልጅ እሁድ። የከበበ ስም የለም። ከእማዬ ስልክ ደወልኩላቸው። መዳፌ ላይ ጮኸች፣ ጥርት አድርጋ፣ ቤቱን ሞላችው። ሦስታችንም ስትጮህ አየናት። እማማ እጃቸውን ዘርግተው ወሰዷትና እስክትቆም ጠበቁ።

"ትሰራለች ማለት ነው" አሉ።

"ትሰራለች እማማ።"

"ብትበላሽ ይሻል ነበር" አሉና በመሀረቡ መልሰው ጠቀለሏት። ቋጠሮዋን ሁለት ጊዜ አሰሩ። እማዬ አቅፋ እስከ በራቸው ሸኘቻቸው፣ እና ብዙ ቆየች እዛ። ስትመለስ አይኗ ቀልቶ ነበር። ቅዳሜ አብረን በባቡር አያት እንሄዳለን ብያቸዋለሁ አለች፤ ለኔ ሳይሆን ለግድግዳው ነው የተናገረችው።

ባሮክ ለካ በረንዳው ላይ ጫማውን እያወለቀ ነበር። ሁሉን ሰምቷል። ነጠላ ጫማውን ሳያደርግ በካልሲ ገባ፣ ፊት ለፊቴ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ይመታኛል ብዬ ነበር፣ መትቶኝ አያውቅም ግን ያን ቀን ይመታኛል ብዬ ነበር።

"ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ታውቂ ነበር?" አለኝ።

"አውቅ ነበር።"

"ታንከሩ ላይ ስንወጣስ?"

"አውቅ ነበር።"

ራሱን ነቀነቀ። ከዛ "ያቺን የፌስቡክ ቀልድ ነው አይደል?" አለ። አዎ ስለው ትንሽ አሰበና "እኔም እንደሱ ማለት አልነበረብኝም" አለኝ። በእግዚአብሔር፣ ይሄን ባይለኝ ይሻለኝ ነበር። የሱ አንድ ቀልድ ነው፤ የኔ ሃምሳ አራት ደቂቃ ነው። ሚዛን ላይ አብረው አይቀመጡም። አባዬ ማታ ሲነገረው ኢንታላኮ ብቻ አለኝ፣ በኦሮምኛ ልጄ ማለት ነው። ሲያዝን እንጂ ሲቆጣ በኦሮምኛ አያወራም።

እሁድ እማዬ ከኛ ጋር ስትሄድ ምንም አልነገረችንም። የምስክርነት ሰዓት ሲደርስ ተነሳች። አንገቷን ደፍታ ወደ ማይኩ ስትሄድ እህት ፀዲ ገና ሳትናገር አሜን አለች። እማዬ ባለፈው የተናገርኩት ትክክል አልነበረም አለች። ዕቃውን ያስተካከለው የሰው እጅ ነው፣ እኔ ሳላጣራ ቸኩዬ በጌታ ስም ተናገርኩ፣ ይቅር በሉኝ። በቃ፣ ይሄን ብቻ። ስሜን አልጠራችም። ከኋላ ሹክሹክታ ተጀመረ። ሁለት ወንበር ፊት ያለች ሴትዮ ለጎረቤቷ ድሮም ማጋነን ትወዳለች ስትል ሰማኋት። እናቴን ነው። ማጋነን የማታውቀዋን።

ቆምኩ። ማንም አላስቆመኝም በዚህኛው። ሴትዮዋን ትከሻዋን ነካ አደረግኳትና "የዋሸሁት እኔ ነኝ፣ እሷ አይደለችም" አልኳት። ከዛ ድምጼን ከፍ አድርጌ ደገምኩት፣ ያለ ማይክ። ስንቱ እንደሰማኝ አላውቅም። ባርኮት ሰምታኛለች፣ አይኗን ሳትነቅል አየችኝና ቀና ብላ ወደ መድረኩ ዞረች። እማዬም ሰምታለች። ከመድረክ ስትወርድ ቦታዋ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች፣ እጄን ግን አልያዘችም። ሁሌ ትይዘኝ ነበር።

ባሮክ አሁንም ጠዋት ጠዋት መገናኛ ይወርዳል። ራውተሯ መስኮቱ ጋ ናት፣ መብራቷ ሰማያዊ ነው። ስሟን ማንም አልቀየረውም፣ ያው የፋብሪካው ፊደልና ቁጥር ነው። የይለፍ ቃሉን ግን ባሮክ ቀይሮታል። ለእማዬ ነግሯታል፣ ለእህት ፀዲም ስትመጣ ያስገባላታል። ስልኬን ስከፍት ስሟ ይመጣል፣ ኔትወርኩ ሙሉ ነው፣ ከስሩ የይለፍ ቃል ያስገቡ ይላል።

ብጠይቀው ይነግረኛል፣ አውቃለሁ። ወር ሊሞላ ነው፤ አልጠየቅኩትም።